የሕፃኗ ስም

ጋሼ ሊዮን ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ስላቆሙ፣ ዳውንታውን በናዚዎች ላለቁት አይሁዶች ወደቆመው መታሰቢያ ዘንድሮ በመኪናዬ ራይድ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

«ኮፍያ ለማስተካከል ከሙሽራ በላይ ቆዩ እኮ!» አልኳቸው ስንወርድ።

«እንደ አምቡላንስ ስለነዳሽ ነው የጠመመው፣ ማኒ።» ስሜን አሟልተው ማንያህልሻል ማለት ሰባት ዓመት ሙሉ አቅቷቸዋል።

መታሰቢያው ሥር አንዲት ጠጠር አኖሩ። የአይሁዶች ወግ ነው፤ አበባ አያደርጉም። እኔም ባዶ እጄን መቆሙ ከበደኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። እኛ ኦርቶዶክሶች የሞተብንን ሰው ስም ጽፈን ለቄስ እንሰጣለን፤ በጸሎት ይጠሩልናል።

«የቤተሰብዎን ስም ይንገሩኝ፤ እሁድ ይጸለይላቸዋል።»

«እኛ እኮ አይሁድ ነን» ብለው ሳቁ።

«ፈጣሪ መታወቂያ ይጠይቃል እንዴ?»

የአባታቸውን ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። የእናታቸውንም ጻፍኩ።

«ሌላስ?»

«እህት ነበረችኝ፤ የአራት ወር ሕፃን። እኔ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከናዚዎች የደበቀችኝ ሴትዮ የእህቴን ስም አታውቅም። የሚያውቁት ሁሉ አብረዋት ሞቱ።»

ምነው ባልጠየቅኳቸው! ያ ሁሉ ቀልዴ የት እንደገባ እንጃ። «ሕፃን» ብዬ መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት፤ በናዚዎች ያለቀው ሕፃን ስንት ነው?

ጋሼ ሊዮን ወረቀቱን ተቀብለው ከሁለቱ ስሞች በታች ባዶው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ቄሱ እዚህ ሲደርሱ ምን ብለው ይጠሯታል?»