የጀፎሮው ሣር

«ሰርኬ፣ እውነት ግን እዚህ ከተማ ለልጅ የሚሆን ምን አለ?» አለኝ ወንድሜ ቴዲ፣ በመስቀል ማግስት፣ ክትፎዬን በልቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ። ሁለቱ ልጆቹ ሶፋዬ ላይ ተጋድመው ስልክ ላይ አፍጥጠዋል። «ደባሪ ነው እኮ። ነገ ይዣቸው ሐዋሳ ልውረድ መሰለኝ።»

ደሜ ፈላ። ቡታጅራ ተወልዶ፣ ቡታጅራ አድጎ፣ መርካቶ ገብቶ የመኪና ዕቃ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የተወለደበት አገር ደባሪ ሆነበት። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሁሉ እዚህ ቆሞ ሽንት ቤት ይጠይቃል፣ ጎማውን ያስነፋል፣ ይሄዳል። ምንም የለም የሚለው ምንም ሳያይ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሦስተኛ ክፍል ልጆቼን ይዤ፣ አንድ ሳንቲም ሳልከፍል፣ ያልዞርኩበት የለም። ሐረ ሸይጣን ከሚባለው ገደላማ ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ወደ ውሃው ድንጋይ ወርውረናል፤ የማንም ድንጋይ ውሃው ላይ አይደርስም ይባላል፣ ልጆቹ ግን ክንዳቸው እስኪዝል ይሞክራሉ። በገበያ ቀን በርበሬ ተራን እያስነጠስን አቋርጠናል። ታዲያ ይህ አገር ምንም የለውም ይባላል?

«ተነሱ» አልኳቸው። «ጫማ አድርጉ።»

የወሰድኳቸው ጀፎሮ ነው። ከከተማው ዳር ባለው መንደራችን፣ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚተያዩበት ሰፊ የሣር ሜዳ። መንገድም ነው፣ መጫወቻም ነው፣ ሸንጎም ነው። ሠርግ እዚያ ይጨፈራል፣ ለቅሶ እዚያ ይቀመጣል፣ የድሃውም የሀብታሙም ጥጃ እዚያ ይግጣል። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ግቢውን አንድ ክንድ ወደ ሣሩ የገፋ ሰው በሽማግሌ ይጠየቃል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ መሬቱም ውሃ ጠግቦ እንደ ራሰ ዳቦ ይለሰልሳል።

የስምንት ዓመቷ ሃኒ ስልኩን አባቷ እጅ ላይ ጣለችና ሮጠች። ወንድሟም ተከተላት። ከጎረቤቴ ከሩፋይዳ ልጆች ጋር ተደባልቀው እስኪመሽ አልተመለሱም። ቴዲ ራሱ ኳስ ሲለጋ አዳልጦት በጀርባው ወደቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ። ልቤ ጮቤ ረገጠች። ይኸው፣ አልኩ በሆዴ፣ አሁን ሐዋሳ ይውረድ!

ከዚያ ቴዲ ሊቀርጸኝ ስልኩን ደቀነብኝ። «ሰርኬ፣ እስኪ ተናገሪ።» እኔም ምላሴን በቆረጠው፣ «ቡታጅራ ለልጆች የሚሆን ነገር የላትም ለምትሉ፣ ኑና እዩ! በነጻ ነው!» አልኩ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እንደ ደላላ። መኪናችሁን ዳር አቁሙ፣ በእግራችሁ ግቡ፣ አላልኩም። እንዴት ብዬ ልበል? በእኛ ዘንድ ይህን የሚናገር ሰው የለም። እናትህ ጀርባ ላይ ታዝለህ ታውቀዋለህ፤ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ቴዲ ቪዲዮውን ያንኑ ማታ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። በሳምንቱ እሁድ ያዩት ሰዎች መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አሥራ አንድ መኪና ቆጠርኩ። ቤተሰብ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ይዘዋል፣ ምግባቸውን ቋጥረዋል። ግን ሣሩ መሐል ድረስ ነድተው ገብተዋል። አንዱ ጎማው ሰምጦበት ሲያጓራ ጭቃውን ሩፋይዳ በር ላይ ይረጫል። ሌላው ልጁ ደስ ይበለው ብሎ ዙሪያውን ይሽከረከራል። አንዲት ሴት «እንዴት ደስ የሚል ቦታ ነው! ባለቤት የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቱ ስለበዛ ነው ባለቤት የሌለው የመሰላት። ሲሄዱ የውሃ ፕላስቲክ ቀረ፣ ዳይፐር ቀረ፣ እስከ ጉልበት የሚያስገባ የጎማ ቦይ ቀረ።

ማክሰኞ ከሰዓት የመንደሩ ሽማግሌዎች ጀፎሮው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የተጠራሁት እኔ ነኝ። በሰፈራችን እንግዳ ላጠፋው የሚጠየቀው የጠራው ሰው ነው።

«ልጄ» አሉኝ አባባ ሸረፋ፣ የሁሉም ታላቅ። «ኑ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ። ግን መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ? ሣሩን ያረስኩት እኔ ነኝ?» ድምፄ ከፍ አለ። «ለአገሬ በተቆረቆርኩ ወንጀለኛ ልሁን?»

«ጠሪዋ አንቺ ነሽ» አሉ ሳይቆጡ። አለመቆጣታቸው ነው የገደለኝ። «አላህ ያውቃል፣ ክፉ አላሰብሽም። ግን አሁን የቀረን አጥር ነው። በሁለቱም ጫፍ እንጨት ተክለን ሽቦ መወጠር።»

አባባ ሸረፋ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ እሳቸውም አባታቸውም ይህ ጀፎሮ ታጥሮ አላዩም።

«አንድ እሁድ ስጡኝ» አልኩ። «መኪናውን እኔ አስቆማለሁ። ካቃተኝ እጠሩት።»

ሰጡኝ። ወዲያው ለቴዲ ደወልኩ።

«ቪዲዮውን አጥፋው።»

«አብደሻል እንዴ ሰርኬ? አራት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል! ለአገራችን ማስታወቂያ ነው እኮ። ሰዉ ፈታ ቢልበት ምን አለበት?»

«ሣሩ ታረሰ፣ ቴዲ።»

«አቦ፣ ሣር አይደል? ይበቅላል» ብሎ ሳቀ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እሁድ በጠዋት በርጩማዬን ይዤ መግቢያው ላይ ተቀመጥኩ። ሩፋይዳም መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። በሌላኛው ጫፍ መንገዱ ለመኪና ስለማይመች የሚያሰጋን ይኸኛው ነው። ሰባት መኪና አስቆምን። አምስቱ ይቅርታ ጠይቀው በእግራቸው ገቡ፣ ሁለቱ ተሳድበው ሄዱ። ሊሳካልኝ ነው ማለት ጀምሬ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ነጭ መኪና ሌሎች ሦስት አስከትሎ መጣ። መስኮቱ ወረደ። ቴዲ ነው። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የሚከተሉት ደግሞ ጓደኞቹ ናቸው፣ ከነቤተሰባቸው።

«ሰርኬ! ቦታችንን ላሳያቸው ነው። ዞር በይልን።»

«ዳር አቁምና በእግርህ ግባ።»

«እንግዳ ይዣለሁ እኮ፣ አታሳፍሪኝ።» ዞር ብሎ ጓደኞቹን አየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። «እሺ በቃ፣ ለመኪና ስንት ነው?»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። የወላጅም፣ የርእሰ መምህርም ስድብ ጠጥቻለሁ። እንዲህ ግን ማንም አልሰደበኝም፤ ያውም የእናቴ ልጅ። በርጩማዬን አነሳሁና ከመኪናው አፍንጫ ፊት አስቀምጬ ተቀመጥኩበት።

«እዚህ ነው እኮ የተወለድኩት!» ብሎ ጮኸ። «ማን ስለሆንሽ ነው የምትከለክይኝ?»

«አባታችን ሲሞት፣ አስከሬኑን ከሆስፒታል ያመጣው መኪና የት ነበር የቆመው?»

እጁን ከኪሱ አወጣ።

«እዚህ ነው የቆመው። አባታችን ሞቶ እንኳ በመኪና አላለፈም። በትከሻ ነው የገባው። ከፊት የተሸከምከው አንተ ነህ፣ ቴዲ።»

ሞተሩን አጠፋ። መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። እኔም ያን ጊዜ፣ ለአንድ አፍታ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ጓደኞቹ ግን አባታችንን አያውቁትም። የቴዲ መኪና ሲቆምባቸው፣ ሦስቱም ጥሩንባቸውን እየነፉ በግራ በኩል አለፉንና ተከታትለው ሣሩ ላይ ገቡ። ባለፈው የተረፈውን ጫፉን አረሱት። ቴዲ ዘሎ ወረደና እጁን እያወዛወዘ፣ እየጮኸ ከኋላቸው ሮጠ። ደስ ብሎት የሚሮጥ መስሏቸው አጨበጨቡለት። አንደኛው በመስኮት ቀረጸው።

ቴዲ ያን ቀን ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰም። ቪዲዮውን አጠፋው፤ ስንቱ ግን ቀድቶ መልሶ ለጥፎታል። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ የአጥሩ እንጨት መግቢያው ላይ ተጋድሞ ጠበቀኝ። ጉድጓዱን የቆፈርነው እኔና ወንድሜ ነን። የመጀመሪያውን እንጨት አባባ ሸረፋ በእጃቸው ደግፈው ያዙልን።

«እኔ ከአባቴ ስረከበው አጥር አልነበረውም» አሉ፣ አፈሩን ስንመልስ። ለማናችንም አልነበረም የተናገሩት።

ቴዲ አካፋውን ጥሎ፣ ሰው ፊት፣ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም፤ በእሱም፣ በመኪኖቹም፣ በራሴም።

«አንሳው» አልኩት። «ወዲያኛው ጫፍ ይቀረናል።»