ፈዛዛ ብርቱካንማ ክር

የተንጠለጠለ ክር ሳይ እጄ አያርፍም። አንድ ጊዜ ባንክ ቤት ተሰልፌ፣ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ኮሌታ ላይ አንዲት ክር አይቼ መቀሴን አውጥቼ ቆርጬለታለሁ፤ ሰውዬው ጥበቃ ጠራብኝ። ምን ላድርግ፣ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። በነዚህ ሠላሳ ዓመታት እኔ ሰፍቼው ተተርትሮ የተመለሰ ልብስ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራት ነው።

ባለቤቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ «ካርታው» ይሉት ነበር፤ እኔም ካርታው እያልኩ ቀረሁ። ጡረታ ሲወጣ እንደ ሰው ጋዜጣውን እያነበበ ይቀመጣል ስል፣ ሄዶ ዓለት የሚወጡ ሰዎች ማኅበር ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከድንጋይ ማውጫው ጀርባ ያለው ገደል ላይ በገመድ ታስረው ይንጠላጠላሉ። ላይ ምን አለ ብዬ ብጠይቀው «ምንም» አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

አንድ ቅዳሜ የነተበ ሻንጣ ተሸክሞ መጣ። ገደሉ ስር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘሁት አለ። ውስጡ ገመድ፣ አሥራ አንድ የብረት ማያያዣና ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር አንድ መታጠቂያ አለ። ስንት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት እንደኖረ አንድዬ ይወቅ። ካርታው ግን ሙሽራ እንዳመጣ ሰው ነበር የሚያደርገው። ብረቶቹን በሳሙና ውሃ ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ ፈተጋቸው፤ የጥርስ ብሩሹ የማን እንደሆነ ያወቅኩት ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው። ከዚያ የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባቸውና ቀጭ ቀጭ እያደረገ ቤቱን ሲያደነቁረው ዋለ።

የቀረው መታጠቂያው ነበር። ገመዱ የሚታሰርበት የፊተኛው ቀለበት ስፌቱ ተነጫጭቷል። «ትንሽ ብትነካኪልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ትንሽ መንካት የሚባል አላውቅም። አሮጌውን ክር አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁ፤ መርፌው የሄደበትን ቀዳዳ ሳልስት አዲሱን መልሼ ሰፋሁ። ቀለሙ ብርቱካንማ ሆኖ ፀሐይ ያፈዘዘው ስለነበር ሦስት ሱቅ ዞሬ የሚቀርበውን ክር ገዛሁ። አዲስነቱ እንዳያሳብቅ ደግሞ በሻይ ነከርኩት። ስጨርስ የትኛው የኔ፣ የትኛው የፋብሪካው እንደሆነ እኔው ራሴ መለየት አቃተኝ። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

በማኅበሩ ደንብ ጎሚስታው ሳያየው ገደል የሚነካ ዕቃ የለም። ጎሚስታው ጎማ ሲጠግን የሚውል፣ ሲያወራ እንኳ ጣቶቹ የሆነ ነገር የሚዳብሱ ሰው ነው። ካርታው ሐሙስ ዕለት ሻንጣውን ወስዶለት አኩርፎ ተመለሰ። ሰውዬው ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ መሃል ሲያሳልፍ ውስጡ የላሸቀ ቦታ አግኝቶ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት አራት ቦታ ቆራርጦታል። ከብረቶቹም አራቱን ገመድ ሲፋተግባቸው ኖሮ በልቷቸዋል ብሎ ጥሏቸዋል።

«መታጠቂያውስ?» አልኩት።

«እሱንማ በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየው። ‹ይሄም ከሻንጣው ነው?› አለኝ። አይ፣ ከወዳጄ ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የኖረ ነው አልኩት። አሳለፈው። አደራ፣ አንቺም እንዳትናገሪ።»

መዋሸቱ ደስ አላለኝም፤ ስፌቴ ማለፉ ግን ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ካርታው መታጠቂያውን ይዞ በጠዋት ወጣ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጎሚስታው ያሳጠርኩለትን ሱሪ ሊወስድ ሱቄ መጣ። እሱም ወደዚያው እየሄደ ነበር።

«እትዬ» አለኝ፣ «የባለቤትዎን መታጠቂያ አየሁት። እኔ መታጠቂያ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው። ፀሐይ የበላው ቀበቶ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ያልቃል፤ የሚያሳብቅበት ስፌቱ ነው፣ ቀድሞ የሚነጫጨው እሱ ስለሆነ። የዚያ ስፌት ግን ሌላ ነው። ሃያ ዓመት ስመረምር እንዲያ ያለ አላየሁም። ፋብሪካው የት እንደሆነ ባወቅኩ።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሃያ ዓመት የመረመረ ሰው እንዲህ ብሎ ሲያደንቀኝ ምላሴን በምን ልያዘው።

«ፋብሪካው ፊት ለፊትህ ቆሟል» አልኩት።

«ምን አሉ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት። ክሩን በሻይ ነክሬ።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ሱሪውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ያለቀ ጎማ ጥቁር ቀለም ቀብቶ የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል፣ እትዬ?»

«ሌባ ነዋ።»

«እንዲያ ነው» አለና ሰዓቱን አየ። «ስምንት ሰዓት ላይ ነው ገደሉን የሚወጡት።»

ሱቁን ሳልዘጋ ነው የወጣሁት። በጎሚስታው ጭነት መኪና ውስጥ መቀሴን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ካርታው ስልኩን አያነሳም። ያንን ሰውዬ በቀን ሦስት ጊዜ አንገሸገሽከኝ እለዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ፈራሁ።

ስንደርስ ካርታው ከመሬት የአንድ ሰው ቁመት ያህል ወጥቷል። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ ገመዱን ከታች ይዛለታለች።

«ውረድ» አልኩት።

«አትስሟት፣ ከፍታ ስለምትፈራ ነው» አላቸው።

«እትዬ የሰፉት ነው እኮ» አለ ጎሚስታው።

ካርታው ከላይ ሆኖ ሳቀ። «ታዲያ እሷ ከሰፋችውማ ምን እፈራለሁ? የሷ እጅ የነካው ተፈቶ ያውቃል?» አለና እጁን ወደሚቀጥለው ድንጋይ ሰደደ።

በሌላ ቀን ይህን በሰው ፊት ቢልልኝ ዓመት ሙሉ እራት ሳቀርብለት እኖር ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እንደምንም አወጣሁት።

«ስፌቴ መጥፎ ነው።»

እጁ ድንጋዩ ላይ ቆመ። ዞሮ አየኝ። በትዳራችን ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ስል ሰምቶኝ አያውቅም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ መውረድ ጀመረ። እግሩ መሬት ሲነካ ትከሻውን በቡጢ መታሁት፣ ከዚያ አቀፍኩት፣ ከዚያ ደግሜ መታሁት። መታጠቂያው ሻንጣው ውስጥ የነበረ መሆኑንም ያኔውኑ ለጎሚስታው አመነ።

ጎሚስታው ሊፈትነው ፈለገ። «ስንት ኪሎ ነህ?» ሲለው ካርታው «ስልሳ ስምንት» አለ።

«ሰማንያ ሁለት ነው» አልኩ። «የሱሪውን ወገብ የምለቅለት እኔ ነኝ።»

ሰማንያ ሁለት ኪሎ ድንጋይ በጆንያ ሞልተው መታጠቂያው ላይ አሰሩት፤ በሌላ ገመድ ወደ ላይ ጎትተው ድንገት ለቀቁና ያዙት። ጆንያው ተወዛወዘ እንጂ ምንም አልሆነም። እውነቱን ልናገር፣ አገጬን ቀና አድርጌ ጎሚስታውን አየሁት። በሁለተኛው ሙከራ ግን መታጠቂያው እንደ አሮጌ አንሶላ ተቀደደ፤ ጆንያው ወርዶ ተፈረከሰ፣ ድንጋዩ እግራችን ድረስ ተንከባለለ። ካርታው ያለበት ቁጭ አለ።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ቀለበቱን አነሳሁት። የተቀደደው ቀበቶው ነው፣ ከስፌቴ ጣት በማይሞላ ርቀት። ከስፌቱ አንዲት ክር አልተነቃነቀችም። አፈርኩ። ግን ለጎሚስታው ከማሳየት አልተመለስኩም።

«አየሁት» አለ። «ያንን እኮ ነው የምልዎት፣ እትዬ።» ቁራጩን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው። አሁን ለአዲስ አባላት መጥፎ ዕቃ እንዲህ ነው እያለ ያሳያቸዋል አሉ። የሕይወቴን ምርጥ ሥራ።

ካርታው አዲስ መታጠቂያ ገዛ፤ ጎሚስታው አብሮት ሄዶ መረጠለት። ቤት ሲገባ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የጭኑ ቀበቶ ጠርዝ ላይ የጣት ርዝመት ያላት ክር ተንጠልጥላለች።

«ይቺን እንኳ ቁረጪያት» አለኝ።

እጄ መቀሱ ላይ ደርሶ ነበር። መቀሱን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩና ቁልፉን ሰጠሁት። «መታጠቂያህን ከፊቴ ውሰደው» አልኩት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አስቆመዋለሁ። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ እልና ያቺን ክር እፈልጋታለሁ። ካለች፣ እጄ መታጠቂያውን አልነካውም ማለት ነው። ያኔ ሂድ እለዋለሁ።