ጀምሮ አይጨርስም

ጋሽ ሊያዎ ቺንግሹዊ ለማንም አያዳሉም። በታይፔ የኮምፒውተር ገበያ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። አዲስ ፕሮሰሰር በወጣ ቁጥር ከሌላው ጋር አወዳድረው የሚጽፉትን ገበያው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እሳቸው ያመሰገኑት ይሸጣል፤ የነቀፉት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ምሳ የጋበዛቸው ነጋዴ ካለ ደግሞ ወዮለት፣ የእሱን ዕቃ ከሁሉም አብልጠው ይመረምሩታል።

ታዲያ አንድ ቀን ሁለት ሳጥኖች ጠረጴዛቸው ላይ መጡ። በአንደኛው ውስጥ ያለው ገበያውን አንቆ የያዘው የትልቁ ኩባንያ ፕሮሰሰር ነው። ሁለተኛውን የላከው ሺንጁ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን፣ የፕሮሰሰሩን ንድፍ የመራችው የጋሽ ሊያዎ አንዲት ልጅ ሱዪን ነበረች። ኩባንያው ያለ የሌለ ገንዘቡን እዚህ ላይ አፍስሷል። ፕሮሰሰሩ በዚህ ውድድር ከተሸነፈ ሥራው እንደሚዘጋ አባትም ልጅም ያውቃሉ።

ሱዪን ደወለች።

"አባባ፣ አዳላልኝ ልልህ አይደለም።"

"ብትለምኚኝም አላዳላም።"

"አጣሁህ እንዴ! ትምህርት ቤት በሩጫ ሁለተኛ ወጥቼ ዳኞቹን ተከራክረህ ሦስተኛ ያስባልከኝ አባት አይደለህ?"

"ሦስተኛ ነበርሽ።"

"እሺ፣ ሦስተኛ ነበርኩ" አለች እየሳቀች። "በል ምሳህን ብላ።"

ስልኩን ዘግተው ልጃቸውን አሰቡ። ልጅቷ በልጅነቷ ፒያኖ ጀምራ ትታለች፣ ዋና ጀምራ ትታለች። በየዘመዱ ቤት "ይቺ ልጅ ጀምራ አትጨርስም" የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ይህን ፕሮሰሰር ግን ዓመታት ይዛው ቆይታለች፤ ፀጉሯ ሸብቶበታል።

ሁለቱንም እኩል አዘጋጇቸው። የኮምፒውተሩ ሳጥን አንድ ዓይነት፣ ማዘርቦርዱ አንድ ዓይነት፣ የክፍሉም ቅዝቃዜ ያው። ከዚያ ጋሽ ሊያዎ በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። በአገሩ ሰው ሁሉ ማሽኑ ላይ ኳይኳይ ያስቀምጣል። ኳይኳይ የልጆች መክሰስ ነው፤ ስሙ "ጨዋ ሁን" እንደማለት ነው። ከረጢቱ አረንጓዴ ከሆነና ጊዜው ካላለፈበት ማሽኑ አያምፅም ይባላል። ባንኩም ሆስፒታሉም ያምንበታል። ጋሽ ሊያዎ ብቻ "የተማረ ሕዝብ ብስኩት ሲለማመን!" እያሉ ሲስቁ ኖረዋል። ያን ቀን ግን ወርደው ከጥግ ሱቅ አንድ አረንጓዴ ገዙ። እንደ ሌባ ዞር ዞር ብለው አዩና በልጃቸው ሳጥን አናት ላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። የሰው ሙቀት ውጤት ያዛባል የሚል ደንብ አላቸውና ሙከራውን አስጀምረው፣ በሩን ዘግተው ወጡ።

ሲመለሱ ከረጢቱ ከጠርዙ ወደ መሃል ተንሸራቶ አገኙት። ማሽን ሲሠራ ይንቀጠቀጣል ብለው አለፉት። ውጤቱን አዩ። የሱዪን ፕሮሰሰር መጀመሪያ ላይ ባላንጣውን ጥሎት ሄዷል፤ ከግማሽ በኋላ ግን እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ተሸንፏል። ልባቸው ተሰበረ። ቢሆንም ለማንም አያዳሉምና "አጀማመሩ ግሩም ነው። ጀምሮ ግን አይጨርስም" ብለው ጻፉ።

ወር ሳይሞላ ሥራው ተዘጋ። ሱዪን አልደወለችም። ጂያዪ ከተማ ሄዳ ለሕፃናት ሒሳብ ታስጠናለች መባሉን የሰሙት ከሰው ነው።

ሳጥኑ ከነከረጢቱ ጥግ ይዞ ከረመ። ጊዜው ያለፈበት ኳይኳይ ደግሞ ገድ የለውም፤ ጋሽ ሊያዎ አንድ ጠዋት ሊጥሉት አነሡት። ሥሩ በሙቀት ቀልጦ ጠብ ጠብ ያሉ ነጥቦች ታትመውበታል፤ ልክ እንደ ሳጥኑ አናት አየር ማስገቢያ ወንፊት። ማራገቢያው ቀላሉን ከረጢት ስቦ አፉ ላይ ለጥፎት ነበር። ፕሮሰሰሩ አልደከመም፤ አየር አጥቶ በሙቀት ታፍኖ ነው።

ያለ ከረጢት ደገሙት። እርማትም ጻፉ፤ ማን ያንብበው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለተቀበረ ምን ይጠቅመዋል?

በባቡር ጂያዪ ወረዱ። ሱዪን ማስጠኛው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት አስገብታ ሩዝ በዶሮ አዘዘች። ትንሽ እንደበሉ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ገልብጪው።"

ገለበጠችው። ጣቷ ነጥቦቹ ላይ ቆመ።

"የኮምፒውተር ሳጥን ወንፊት ነው" አለች። "ማነው ያስቀመጠው?"

"እኔ።"

"አንተ? በኳይኳይ የምትስቀው አንተ?" ቀና ብላ አየቻቸው። "ለሁለቱም ነው?"

"ላንቺ ብቻ።"

ሳቅ ጀመራትና ለቅሶ ሆነባት። "አንድ ቀን እንኳ ቢያዳላልኝ እያልኩ ነው ያደግኩት፣ አባባ። ጠብቀህ ጠብቀህ አሁን!" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ደገምከው?"

"ደገምኩት። ጨረሰ፣ ልጄ። እየመራ ጨረሰ።"

ራሷን ነቀነቀች። ሕፃናቱ በሩ ላይ ተሰብስበው ስሟን ይጠራሉ። ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች፤ ከረጢቱንም ያዘች።

"አይጨርስም ብለህ ስትጽፍ፣ ስለ እሱ ነበር ስለ እኔ?"

ጋሽ ሊያዎ መዋሸት ቢችሉ ያን ቀን ይዋሹ ነበር።

"አንቺን ነበር የማስበው።"

"ገባኝ" ብላ ወጣች።

የተወችውን ሳህን አዩት። ግማሹ አልተነካም። ፒያኖውንም፣ ዋናውንም፣ ሁሉንም ማን አፍኖባት እንደኖረ ያን ጊዜ ገባቸው። ሳህኗን ወደ ራሳቸው ሳቡና፣ እንባቸው ሩዙ ላይ እየወረደ፣ የቀረውን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በሉላት።