ሰባተኛው ደብተር

አሰጋሽ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ከገርጂ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስትመላለስ ሁለት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆናት። የጫማዋ ተረከዝ አልቋል፤ እሷም አልቃለች። ድካም እንኳ ወጉ እንቅልፍ ማምጣት ነበር፤ የእሷ ድካም ግን ጋደም ስትል ይብስባታል።

ጣጣው የመጣው በመጽሐፍ ነው። ሰው በመሬቱ ይታሰራል፣ በፖለቲካ ይታሰራል፤ ባሏ ገብረዋሕድ ግን በወንጀል ምርመራ ልብወለድ ታሰረ ቢባል ማን ያምናል?

ገብረዋሕድ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነው። መንገደኛ አንብቦ ወንበር ኪስ ውስጥ ጥሎት የሚወርደውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይለቅማል። ከሁሉ የሚወደው፣ አንድ መርማሪ በየቅጹ ነፍሰ ገዳይ እያደነ የሚይዝበትን ተከታታይ ነበር። ስድስቱን ቅጽ ለማሟላት አራት ዓመት ፈጀበት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ወዳማርኛ እየመለሰ ይናገራል፣ እሷ ጽሕፈቷ ያምራልና ደብተር ላይ ትገለብጣለች። የሰዎቹንም ስም ያገር ስም አደረገው። ሐኪሙ ኢሳ፣ ነርሷ ዘውዲ፣ ዘበኛው ኑሪ ተባሉ፤ መርማሪው ተስፋማርያም ሆነ። ሰፈርተኛው ደብተሮቹን ተራ ይዞ ይዋስ ጀመር። ወፍጮ ቤት እንኳ «አሰጋሽዬ፣ ገዳዩ ማነው? በሞቴ ንገሪኝ!» የሚሏት ነበሩ።

እሷም አመል ነበረባት። የመጨረሻው ምዕራፍ ሳይደርስ ገዳዩን ለመገመት ብጣሽ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። «ኢሳ፦ መጀመሪያ እሱ። ዘውዲ፦ መርዙን ታመጣለች። ኑሪ፦ በሩን ይከፍታል።» ጨዋታ ነው እንግዲህ። ቀበሌው ቤት ለቤት ፍተሻ ያደረገ ቀን ይህች ብጣሽ ከፍራሽ ሥር ተገኘች። የቀበሌው ሊቀመንበር ስም ደግሞ ማን ይሁን? ኢሳ! ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃስ? ኑሪ!

ጓድ ኢሳ «መጀመሪያ እሱ» የሚለውን አንብቦ ላብ አጠመቀው።

«የማን ጽሕፈት ነው?» ብሎ ጮኸ።

አሰጋሽ አፏን ስትከፍት ገብረዋሕድ ቀደማት። «የኔ ነው» አለ። ሲያንገበግባት የከረመው ይኸው ነው። እሷ በጻፈችው እሱ ገባ።

«ልብወለድ ነው ካላችሁ ይነበባላ!» ተባለና ስድስቱም ደብተሮች ለማጣራት ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ለጋሽ ጃራ ተሰጡ። ንባቡ እስኪያልቅ ገብረዋሕድ ከቀበሌው እስር ቤት እንዳይነቃነቅ ታዘዘ። ጋሽ ጃራ የሰፈሩ ነባር ሰው ነው፤ አባቱ ያረሱት ማሳ ላይ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። መነጽሩን በክር አስሮ፣ ጣቱን በየመስመሩ ሥር እየጎተተ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል።

«ጋሽ ጃራ፣ የት ደረሱ?» ትለዋለች በየቀኑ።

«አራተኛው ላይ ነኝ ልጄ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እንቁላሉ እስኪሄድማ እኔ ልሙት! ትላለች በሆዷ። ለእሷ የገባት አንድ ነገር ነው፦ ንባቡ ያልቃል፣ ልብወለድ መሆኑ ይታወቃል፣ ባሏ ቤቱ ይገባል። በመሀል ቤት የቆመው ይህ አዝጋሚ ሽማግሌ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ጋሽ ጃራ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ጉልበቱ ላይ የተዘረጋው አምስተኛው ደብተር ነው። ሻይ የፈሰሰበት ገጽ፤ ባለፈው ቅዳሜም እዚያው ገጽ ላይ ነበር። ያኔ የአሰጋሽ ትዕግሥት ተበጠሰ።

«ኧረ በእግዜር! በሳምንት አንድ ገጽ? እኔ እግሬ ነቃ፣ እሱ እዚያ ውስጥ ባይጥና በቁንጫ አለቀ፣ እርስዎ ይሞቃሉ!»

ጓድ ኢሳ ጩኸቱን ሰምቶ ብቅ አለ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? እሷ ግን ይህን የምታስብበት አቅም አልነበራትም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልንገርዎትና ይገላገሉ! የስድስተኛው ገዳይ ነርሷ ናት። ሐኪሙ ንጹሕ ነው፣ ዘበኛው ንጹሕ ነው። አለቀ! ሌላ የሚነበብ ነገር የለም።»

«በቃ?» አለ ጓድ ኢሳ፣ ፊቱ እየፈካ። «ይኸው አለቀ እኮ፣ ጓድ ጃራ! መዝገቡን ዝጋው። እኔ በዚህ ጉዳይ አልወስንም፤ ሰኞ መኪናው ሲመጣ ሰውየውም መዝገቡም ወደ በላይ አካል ይሂዱ።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለች አሰጋሽ። ውሳኔ ሊሰጥ ነው ብላ ደስታዋ እንባ ሆኖ መጣ።

ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ ቢሮው ሲያዞር፣ ጋሽ ጃራ መነጽሩን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የብርነሽም ልጅ ሰኞ ነበር የሄደው» አለ።

ብርነሽ ጎረቤቷ ናት። ልጇ ወደ ላይ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን ምሳ ዕቃዋን መልሰው «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ብርነሽ ከሰው አትነጋገርም። አሰጋሽ ግድግዳውን ያዘች።

ጋሽ ጃራ አሁን ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኔን የገረመኝ፣ እንዲህ ያለ ተከታታይ በስድስት ያልቃል እንዴ? ሰባተኛ የለውም?»

«አለው!» አለች። የራሷ ድምፅ አልመስል አላት።

ሊቀመንበሩ ዞረ። «የታለ ታዲያ?»

«ሰው ጋ ነው። ተውሰውት። አመጣዋለሁ።»

«ሰባተኛው ሳይነበብ መዝገቡ ጎዶሎ ነው» አለ ጋሽ ጃራ ቀዝቀዝ ብሎ። «የበላይ አካል ቢጠይቅ ተጠያቂው ማን ይሆናል? እኔ አላውቅም።»

ጓድ ኢሳ ከሥሩ ያሉትን ያስፈራራል እንጂ ከበላዩ ያሉትን ሲፈራ ለጉድ ነው። «ሰኞ ጠዋት ይቅረብ! ካልቀረበ ወየውልሽ፣ ሴትዮ!» ብሎ በሩን አላትሞ ገባ።

ጋሽ ጃራ የትናንቱን ባዶ ምሳ ዕቃ አቀበላት። «ስድስቱንም በአስር ቀን ነው የጨረስኳቸው» አላት። «ሁለተኛውን እንዲያውም ደግሜዋለሁ። ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ፊትሽ ያሳብቅብን ነበር። አንቺ በየቀኑ ስትቆጪኝ እኮ ነው እነሱ ያመኑኝ።» መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «እላይ ቤት ልብወለድ የሚያነብ የለም፣ ልጄ።»

ጉልበቱን ልትስምም፣ ልትማታም አማራት። ለሁለቱም አቅም አጣች።

«ወፍራም ይሁን» አላት። «እኔ እንደሆንኩ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።»

ከሱቅ ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ገዝታ ቤቷ ገባች። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። አውሮፕላን በጣራው ላይ አልፎ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ገብረዋሕድ የሚቀመጥባትን ወንበር ገፋ አድርጋ ብዕሯን አነሳች። የሚነግራት የለም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በሬሳ ይጀምራል፤ ስድስቱም እንዲያ ነው የጀመሩት። ሐኪሙን ልትገድል አሰበች፣ ተወችው። አንዲት ባልቴት አሰበች፣ እሷንም ተወቻት። ሰው መግደል አቃታት። ሞት ሰልችቷታል፤ በወረቀት እንኳ ሰልችቷታል።

በመጨረሻ «አንድ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም» ብላ ጀመረች። ሬሳ አልተገኘም፤ ስለዚህ አልሞተም። መርማሪው ተስፋማርያም ይፈልገው፣ ሰፈሩን ቤት ለቤት ይዙር፣ አንዱንም ሳይዘል ሁሉንም ይጠይቅ። ምን አስቸኮለው? ባርኔጣውን ፈልጎ እስኪያገኝ ሁለት ገጽ ሄደ። ዝናብ መጣበትና እስኪያባራ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አቆመችው። ከባለሱቁ ጋር ስለ ስኳር መጥፋት አጫወተችው። የመጀመሪያውን ቤት በር ሲያንኳኳ እሷ አስራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሳ ነበር።