የላይኛው ማሳ ውሃ

ፍሬሰላም ከል ከለበሰች ዓመት አልፏታል። የባሏ ሙት ዓመት ወጥቷል፤ ጎረቤቶቿ ነጭ ነጠላ ይዘው ከሐዘን ሊያወጧት ቢመጡም «ገና ነኝ» ብላ መለሰቻቸው። የሮቢት መንደር ሴቶች ይህን ከፍቅር ቆጠሩላት። እሷ ግን የቆጠረችው ከቅጣት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ አገር ማሽላ ከሰማይ ይልቅ ከጎርፍ ይጠጣል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ዘመድ ስልክ ደውሎ «ወረደ!» ይላል፤ የቆላው ሰው አካፋውን ይዞ ይሮጥና ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ወደ ማሳ ያስገባል። የላይኛው ባለማሳ መሬቱ ከጠገበ በኋላ ውሃውን ያገደውን የአፈር ክትር ለታችኛው ይከፍታል። ከአያት የመጣ ሕግ ነው። አምና ሐምሌ ላይ ፍሬሰላም ደጃፏ ላይ ቆማ ባሏን ሙላውን «የላይኛው የአላምረው ማሽላ ጠጥቶ እየሰከረ የታችኛው የኛ በጥም ሊያልቅ ነው፤ ወንድ ከሆንክ ውሃ ይዘህ ና!» አለችው። ሙላው ሄደ። ማምሻውን የተመለሰው ጎርፍ የጣለው ሬሳው ነው።

ከዚያ ወዲህ ምላሷን ቆለፈችው። ቆቦ ገበያ ላይ ስንቱን ነጋዴ ላብ በላብ ያደረገ ምላስ «እሺ» እና «እንዴት ዋላችሁ» ብቻ ቀረው። ደላሎቹ ተመስገን አሉ። ቅር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የላይኛው ማሳ ባለቤት አላምረው። የእኩዮቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ እሱ ገና ወንደላጤ ነው፤ በወሰኑ ባለፈች ቁጥር ይነካካታል።

«ፍሬ፣ ዘንድሮ ማሽላሽ ምን ቢበላ ነው እንዲህ የተንዘረፈፈው? ከባለቤቱ ኩራት ተምሮ ነው?»

እርምጃዋን ታፈጥናለች።

«በሬሽ እንኳ ካንቺ ይሻላል፤ እምቧ ይለኛል።»

አንዳንዴ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ ታልፋለች። ከዚያ እቤቷ ገብታ በዚያች ንክሻ ራሷን ስትወቅስ ታመሻለች። ሙላው አፈር ለብሶ እሷን ሳቅ ያምራታል?

ጎርፍ በወረደ ቁጥር በሯን ዘግታ ትቀመጥ ነበር፤ ማሳዋን የምታየው ውሃው ከበረደ በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ ግን አረም ስትነቅል ጎርፉ እዚያው ደረሰባት። ውሃው እግሯ ሥር ሲገባ ገረማት፤ ተራው የእሷ አይደለም። ቀና ስትል የአላምረው ማሳ መሬቱ እንደተሰነጠቀ ነው። እሱ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ክትሩን ወደ እሷ እየከፈተ ነው፤ ለካ ዘንድሮ ማሽላዋን ሲያጠጣ የከረመው እሱ ኖሯል።

«አላምረው! ውሃህን መልስ!»

«ጎርፍ ሽቅብ መልስ የምትል ሴት ዛሬ ገና አየሁ።»

«ምጽዋት መቼ ለመንኩህ? የኔ ክምር ካንተ ክምር ሲበልጥ ነው የኖረው!»

አላምረው አካፋውን ተደግፎ ፈገግ አለ። «እሰይ፣ መጣች! ዓመት ሙሉ የት ደብቀሻት ነበር?»

«ማንን?»

«ምላስሽን።»

ፊቷ ጠቆረ። «እሷ ሰው ገድላለች። ሙላውን የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም።» ፈገግታው ጠፋ። «ያን ዕለት እየሳቀ መጣ። ‹ያለ ውሃ አትምጣ ተብያለሁ፤ ዛሬ ቅድሚያውን ስጠኝ› አለኝ። እኔ ሕጌን ይዤ ‹የኔ ሳይጠግብ አልከፍትም› አልኩት። ብቻውን ወንዙን ሊጠልፍ የወረደው ያኔ ነው።»

«እኔ ባልልከው አንተ ጋ አይመጣም ነበር!»

«እኔ ብከፍትለት ወንዝ አይወርድም ነበር!»

«ጥፋቱ የኔ ነው አልኩህ!»

«በጥፋትም ልትበልጪኝ ነው? በክምር በለጥሽኝ፤ ይችን እንኳ ተይልኝ እንጂ!»

ሳታስበው ሳቀች። በጭቃ እጇ አፏን ከደነችው፤ ወዲያው እንባዋ ተከተለ።

«እየሳቀ ነበር ያልከው... እውነትህን ነው?»

«‹ያለሷ ምላስ ቤቴ ቤት አይመስለኝም› ብሎኛል።»

ይህን እንዳላት ከላይ ሌላ ጎርፍ አጓራ። ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ክትር መሸርሸር ጀመረ። እሱ ከተናደ ለሁለቱም ማሳ ውሃ የለም። አላምረው አካፋውን አንስቶ ሮጠ። ፍሬሰላም ወንድን ዳግም ላታዝ ለራሷ ምላ ነበር።

«ተው!» አለች። ድምፅዋ ከጎርፉ በላይ ወጣ። «ማሽላው ይድረቅ! ተመለስ አልኩህ፣ አንተ ግትር!»

ቆመ። ዞሮ አያት፤ ክትሩንም አየው። ከዚያ አካፋውን አንጠልጥሎ ተመለሰ። ክትሩ ከኋላው ተናደ፤ ውሃው ማሳቸውን ትቶ ወደ አፋር በረሃ ነጎደ።

እስኪረጋጉ ጉብታው ላይ ተቀመጡ።

«ማሽላዬን አስበላሽኝ» አለ።

«ጤፍ ትዘራበታለህ።»

«ብቻዬን?»

ፍሬሰላም በጭቃ የተለወሰ ጥቁር ቀሚሷን አየችው። «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ አባቴ ቤት አትላክ። ወደ ሙላው እናት ላክ። ልጇን የቀበረች እሷ ናት፤ እሷ ከልሽን አውልቂ ካላለችኝ አላወልቅም።»

«እትዬ ብርቱካን ጋ? የሷ ምላስ ካንቺም ይብሳል ይባላል እኮ!»

«ይብሳል» አለች፤ ደግሞ ኩራት ኩራት አላት። «ጆሮው ደከም ያለ ሽማግሌ ምረጥ።»