ኩቴክስ የተቀባው ኪቦርድ

እትዬ አጣፊ የሚሏት በስደት አገር፣ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስለምታጣጥፍ ነው። ሥራ ላይ ላያት እጇ ጉድ ነው፤ ጥግና ጥጉን ትገጥምና አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፣ ከዚያ በመዳፏ ዳበስ፣ አለቀ። ታዲያ አለቃዋ በሩ አጠገብ ኮምፒውተር አስቀመጠችና፣ ወደፊት ሠራተኛ ሁሉ ስሙን ራሱ እየጻፈ እንደሚገባ፣ ይህ የሚያቅተው ቦታውን ለሌላ እንደሚለቅ ተናገረች። እትዬ አጣፊ ደግሞ ፊደል የሚባል ነገር አትለይም። የዚህንም አገር፣ የዚያንም አገር።

ይህን ጉዷን ባሏ እንኳ አያውቅም። ግንበኛው ባሏ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "የኔዋ እኮ የተማረች ናት" እያለ ጉራውን ይነዛል። ገና ሲተጫጩ ጋዜጣ ይዛ አይቷት ነበር፤ ጋዜጣውን የያዘችው ብርጭቆ ልትጠቀልልበት ነበር እንጂ ምን ልታደርገው! እሱ የተማረች ናት ብሎ ደመደመ፣ እሷም አፍራ ዝም አለች፣ ዝምታውም ከልጃቸው ጋር አብሮ አደገ።

ቤታቸው ያለው መነጽር አንድ ብቻ ነው። ወረቀት ሲመጣ "እስቲ አንተ እየው፣ ዓይኔን አሞኛል" ትላለች። እሱም "መነጽሩን የት አደረግሽው?" ብሎ ትራስ ሲያገላብጥ ይቆያል። መነጽሩ ሲጠፋ ጊዜ ወረቀቱ ልጃቸው እስክትመጣ ይቀመጣል። እንዲህ እየተባባሉ ኖሩ።

የሰፈሩ ማኅበር ከአገራቸው ለመጡ ትልልቅ ሰዎች ትምህርት ሲከፍት ሁለቱም ተመዘገቡ። ምድር ቤት የንግግር ክፍልና የፊደል ክፍል አሉ፣ ፎቁ ላይ ኮምፒውተር። ግንበኛው "እኔ ንግግሩ ይበቃኛል" ብሎ ታች ቀረ። እትዬ አጣፊ ሰው እያያት ፊደል ክፍል ከምትገባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለችና ደረጃውን ወጣች።

የኮምፒውተር አስተማሪዋ ለስላሳ ወጣት ናት። በመጀመሪያው ቀን እትዬ አጣፊ "እስቲ ስሜን አንዴ ጻፊልኝ፣ ልጄ" አለቻት። ልጅቷ ቀስ ብላ ጻፈችላት። እትዬ አጣፊ የትኞቹ ቁልፎች እንደተነኩ ልብ ብላ አየችና፣ ልጅቷ ዞር ስትል ከቦርሳዋ ቀይ ኩቴክስ አወጣች። የመጀመሪያው ቁልፍ ላይ አንድ ነጥብ፣ ቀጥሎ በተነካው ላይ ሁለት፣ እንዲህ እያለች እስከ አምስት። መቁጠርማ ማን ብሏት! ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ሥር ያለችውን ኮምፒውተር ለማንም አትለቅም፤ ስሟን ከሁሉ ቀድማ ትጽፍና እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። የሥራ ቦታዋን ኪቦርድም አንድ ቀን ቀባ አደርገዋለሁ ብላ ራሷን አሳምናለች።

ሥራ ቦታ ስም እየጻፉ መግባት የሚጀመርበት የማይቀረው ቀን ለሰኞ ተቆረጠ። ሐሙስ ዕለት እትዬ አጣፊ ክፍል ስትገባ ኪቦርዶቹ በሙሉ አዲስ ሆነዋል። ነጥብ የለ፣ ምን የለ።

"መነጽሬን ረስቼ ነው" አለች።

አስተማሪዋ የራሷን መነጽር አውልቃ ሰጠቻት። እትዬ አጣፊ አደረገችው፤ የማታውቃቸው ፊደሎች ተለቅ ተለቅ አሉባት፣ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ልጅቷ ጥግ ካለው ካርቶን አንድ አሮጌ ኪቦርድ አውጥታ ጎኗ ቁጭ አለች። "ይሄ የእርስዎ ነው አይደል፣ እትዬ?" አለች በሹክሹክታ። "ስናነሳው ነጥቦቹን አይቼ ነበር።"

እትዬ አጣፊ አንገቷን ደፋች። "ሰኞ ሥራዬን ላጣ ነው፣ ልጄ። አለቃዬ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆማ እያየችኝ ኩቴክስ አልቀባ ነገር።"

"ነጥቡን ይተዉትና ፊደሉን ይያዙት። አምስት ፊደል ምን አላት? አሁኑኑ ታች ይውረዱ።"

"ባሌ ታች ነው። ቢያየኝስ?"

"ቢያይዎትስ?"

እትዬ አጣፊ ወደ ደረጃው አየች። ያን ሁሉ ዓመት ሲኮራባት የኖረውን ሰው ፊቱን እንዴት ታየዋለች? ሰኞንም አሰበች፣ የለመደችውን የአንሶላ ጠረጴዛዋንም። ኪቦርዱን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ወረደች።

የፊደል ክፍል በር ገርበብ ብሏል። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ያቺን ድንጋይ በመሸከም ብዛት ያዘነበለች ትከሻ የትም ብታያት አትስታትም። ክው ብላ ቀረች። ግንበኛው አንድ ፊደል ይጽፍና፣ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ልኩን ያያል፣ ተመልሶ ሌላ ይጽፋል። ግድግዳ ሲያቆምም እንዲሁ ነው።

ዓይኗ የመጀመሪያው ፊደል ላይ አረፈ። የት ነው የማውቀው? ኪቦርዱን ከብብቷ አወጣች። አንድ ነጥብ ያለበት እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ነጥብ። ሦስተኛውም ገጠመ፣ አራተኛውም። አምስተኛው ጋ ስትደርስ እንባዋ መጣ። ማንም ሳይነግራት አነበበችው፤ ስሟ ነው።

"ጎሽ!" አሉ የፊደል አስተማሪው፣ አንድ ሽማግሌ። "የማን ስም ነው?"

"የባለቤቴ ነው" አለ ግንበኛው። "እሷ የተማረች ናት። እኔ እንደማልችል አታውቅም። እንዲያው አንድ ቀን ጽፌ ላስደንቃት ብዬ ነው።"

ሲዞር በሩ ላይ ቆማለች። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው፤ የተሰረቀ ዕቃ እንደተገኘበት ሰው እጁን ሰደድ አደረገበት። ከዚያ ኪቦርዱን አየ፣ ነጥቦቹን አየ፣ ፊቷን አየ። ሁሉም ነገር ገባው።

"አንቺም?" አለ።

"እኔም" አለች። "መነጽሩ አንተ ጋ ነው ለካ። ፈቀቅ በልልኝ።"

ግንበኛው ሄዶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፈቀቅ አለላት።

ሰኞ ጠዋት ግንበኛው ሥራው እየረፈደበት እስከ ማጠቢያ ቤቱ በር ሸኛት። እትዬ አጣፊ አለቃዋ እያየች አምስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካችና ገባች። መነጽሩን የዚያን ቀን ያደረገችው እሷ ነበረች።