ልጓም ሲጠብቅ የሚሮጠው ፈረስ

አርብ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ፈረሱ ወሳጅ ካላገኘ ሙጫ የትም አትሄድም። ነገሩ ይኸው ነው። ከተማ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ሁለት ጊዜ የሥራ ቦታ ይዞላት ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ሰኞ ዕለት ሐኪሟ ራሷ ደውላ፣ «የኔ እህት፣ እስከ አርብ ስድስት ሰዓት እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለሌላ ሰው ነው» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ሴትዮዋስ ስንት ጊዜ ትጠብቅ?

ሙጫ የመዝገብ ስሟ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሁለት ጋላቢ የጣለ ጉልቤ ፈረስ ይዟት በርሮ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ሲዞር ከጀርባው ሳትወድቅ ተጣብቃ ቀረች። አባቷ ያኔ የእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኝ ነበር። «ይቺማ ልጅ አይደለችም፣ ሙጫ ናት» አለ፤ በዚያው ጸና። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰፈርተኛውም፣ ድርቆሽ አቅራቢውም ሙጫ ነው የሚላት።

የአባትና የልጅ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ከእሽቅድምድም ጡረታ የወጣ ፈረስ ይቀበላሉ፣ ለሌላ ኑሮ ያዘጋጁታል፣ ለሚወደው ሰው ይሰጡታል። ጡረታ ሲባል ፈረሱ ያረጀ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ነው «በቃህ» የሚባለው፤ ገና ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል። ግን ምን ያውቃል? ከመሮጥ በቀር ምንም። ሰው እስኪወጣበት ቆሞ መጠበቅ አያውቅም። መስክ ላይ ሲለቁት ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የልጓሙ ጉዳይ ነው። ሌላ ፈረስ ልጓሙ ሲሳብ ይቆማል፤ የእሽቅድምድም ፈረስ ግን ልጓሙ ሲጠብቅበት «ሂድ» የተባለ ነው የሚመስለው። እንዲያ ነው ያስተማሩት። ጋላቢው ጠበቅ ሲያደርግ ይከንፋል፣ ላላ ሲያደርግለት ይቆማል። እንግዲህ የማያውቅ ሰው ወጥቶበት፣ ፈርቶ ሲጎትት፣ ፈረሱ ሲሮጥ፣ ሰውየው ይብሱን ሲጎትት፣ ጉዱን አስቡት።

ስለዚህ እዚያ ግቢ የገባ ሰው ሁሉ ከሙጫ አፍ መጀመሪያ የሚሰማው «እጅዎን ያላሉ፣ አይጎትቱ» የሚለውን ነው። እንዲህ እያለች አሥራ ዘጠኝ ፈረስ ሸኝታለች።

የሃያኛው ስም ችኩል ነው። ዳማ፣ ቁመተ ረጅም፣ ዐይኑ የዋህ። እሱ በመጣ በሳምንቱ አባቷን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉ። ከሆስፒታል ሲወጣ ራሱ ነው የተናገረው፤ «ሌላ ፈረስ አንቀበልም። ይኼ ሲሄድ በረቱን እንዘጋለን። እኔ እህቴ ጋ እገባለሁ፣ አንቺም ክሊኒክሽ ትገቢያለሽ።» አክስትየዋም ክፍል አዘጋጅታ፣ አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች። ሙጫ ሁለት ወር ይበቃል ብላ ነበር። ይኸው አሥራ አንድ ወር።

ቤቱንና በረቱን የሚለያቸው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና ችኩል በሩን ሲረግጥ ትሰማለች፤ ጋጣው ውስጥ ሆና አባቷ ሲያስል ትሰማለች። ጠዋት አባቷን ታነሣለች፤ ብብቱ ሥር ገብታ፣ በደንብ ጨምድዳ። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት አምልጧት ወድቆባታል፤ ከዚያ ወዲህ አንዴ ከያዘች መልቀቅ የለም። ጫማውን ታስራለች፣ ጺሙን ትላጫለች፣ ፈረሱን ታበላለች፣ ፍግ ትዝቃለች፣ ተመልሳ አባቷን ታበላለች። ከአልጋዋ እስከ ጋጣው ዘጠና እርምጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። እግር ተወርች የታሰረ ሰው ከዚህ ብዙ ያነሰ የሚሄድ አይመስላትም። ጓደኞቿ በፊት በፊት ይደውሉ ነበር፤ «እስቲ ፈረሱ ይሂድ» የሚለው መልሷ ሲሰለቻቸው ተዉት። ሁሉም ነገር ፈረሱ ሲሄድ ሆነ። የሚያማትን ጥርስ መታከም ፈረሱ ሲሄድ። አዲስ ጫማ መግዛት ፈረሱ ሲሄድ።

ፈረሱ ግን አይሄድም። ሦስት ፈላጊ መጥቶ ሦስቱም ባዶ እጁን ተመልሷል። የግቢው ደንብ ነውና መጀመሪያ ሙጫ ራሷ ወጥታበት ታሳያለች። ችኩልም ኮርቻው ላይ ቁጭ ከማለቷ ጆሮውን ቀስሮ ይፈተለካል። አንደኛው ፈላጊ፣ ጡረተኛ መምህር፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየና፣ «እኔ እንኳ ቀስ የሚል ነበር የፈለግሁት» ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

ሙጫ አባቷን ጠረጠረች። ሌላ ማንን ትጠርጥር? ግቢው ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ፈረስ ነው። ሽማግሌው እንግዳ ሊመጣ ሲል በስውር አጃ እያበላ ልቡን ያሞቀዋል አለች፤ አጃ ፈረስን እንደሚያቀብጥ የታወቀ ነው። የአጃውን በርሜል ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ሸሚዙን ራሱ መቆለፍ ከሚያቅተው ሰው! ፈረሱ ሮጠ። እንግዲያው በዐይኑ ነው የሚያሳብደው ብላ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ለአንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችበት። ፈረሱ ሮጠ።

«ምን አድርገኸው ነው፣ አባዬ?»

«እኔ? ከዚህ ወንበር ተነሥቼ አውቃለሁ?»

አልተነሣም፤ እውነቱን ነው። ግን ሲመልስላት ፊቷን አያያትም። እሱ ነው ቆሽቷን የሚያሳርራት።

አርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አራተኛዋ ፈላጊ፣ አንዲት ፖስተኛ፣ መጣች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስታድል የኖረች፣ ቆዳዋን ፀሐይ ያጠቆረው ሴት ናት። የእህቷ ባል የፈረስ ማጓጓዣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ መሪው ላይ አንቀላፋ። «ዕድሜዬን በእግሬ ነው የሄድኩት» አለች ፖስተኛዋ። «አሁን ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ጊዜ፣ እስቲ የሌላ ጉልበት ልዋስ ብዬ ነው።»

ሙጫ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ልቧ ግን ሰዓቱ ላይ ነበር። ችኩልን ጫነች፣ ወጣችበት፣ «በናትህ፣ ዛሬን ብቻ» አለችው በጆሮው። ኧረ ወዲያ! እንደ ልማዱ አንገቱን ቀስሮ ተፈተለከ፤ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ላብ አስምጧት፣ በራሱ ጊዜ ቆመ። ወረደች። ማልቀስ አምሯት ነበር፣ ሰው ፊት ሆነባት እንጂ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻት። «በከንቱ አደከምኩዎት። ገና አልበሰለም።»

«የአራት ሰዓት መንገድ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። አንዴ ብቻ ልቀመጥበትና ለእህቴ ፎቶ ታንሺኛለሽ።»

ሙጫ መሳቢያውን ገመድ አሰረችለትና ደገፍ አድርጋ አወጣቻት። ፖስተኛዋ የልጓሙን ጠፍር እንደ ደብዳቤ ቦርሳ ማንገቻ ለቀቅ አድርጋ ያዘችው። ችኩል አሁንም ይቁነጠነጣል፤ ሙጫ ገመዱን አጠበቀች፣ እሱም ባሰበት።

«ገመዱን ብትፈቺውስ?» አለች ፖስተኛዋ ከላይ።

«ይጥልዎታል።»

«ከጣለኝ ሣር ላይ ነው። ፍቺው እስቲ።»

ፈታችው። ችኩል ቆመ። አንድ ረጅም ትንፋሽ በአፍንጫው አወጣ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ከዚያም ገበያ ደርሶ እንደሚመለስ አህያ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። ፖስተኛዋ ምን ታውቃለች? ምንም። ጠፍሩ ተንዘላዝሏል፣ እሷ አጥር አጥሩን ታያለች፣ ፈረሱ ይሄዳል። ዞሮ መጣ። ስትጠቁመው ወደ ሶምሶማ ገባ፣ ዝም ስትለው ቆመ። ሙጫ ስልኩን ለፎቶ ከፍ እንዳደረገች ክንዷ ደረቀ።

እጇን አየችው። ባዶውን ገመድ የያዘው ግራ እጇ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ጨምድዶታል። ሌላኛው ጫፍ ላይ እኮ ምንም የለም። ልቀቅ አለችው፤ አንድ ጣት አንድ ጣት እያለ ነው የተከፈተው።

ዞር ብላ አባቷን አየችው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይመለከታል። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ፈረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓቱ ሲሄድ፣ አርባ ዓመት ፈረስ ያሠለጠነ ሰው ጫማውን ይመለከታል። ያኔ ገባት።

ፖስተኛዋ ወረቀቱን ፈረመች፤ አማቿ ተቀስቅሶ የመኪናውን መወጣጫ አወረደ። ችኩል ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ገባ። አምስት ሰዓት ተኩል አልሆነም ነበር። መኪናው ከዐይን ሲጠፋ ሙጫ መጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«ታውቅ ነበር።»

አባትየው ከጫማው ላይ ዐይኑን አላነሣም።

«አባዬ፣ እጄ መሆኑን ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

«ከሆስፒታል ከወጣሁ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ» አለ። «መታጠቢያ ቤት ከወደቅኩ ወዲህ ነው። ኩባያም ስትይዢ እንደዚያው ነሽ። በጣትሽ ትይዢዋለሽ፣ በአፍሽ አልያዝኩም ትያለሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ በሦስተኛው ቀን ፈረሱ ይሄዳል። በአራተኛው አንቺ የለሽም።» ደህናው እጁ ጉልበቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። «እህቴ ጥሩ ሰው ናት። ግን እዚያ ቤት ገብቼ እንደ ዕቃ ጥግ ተቀምጬ ልሙት? ፈራሁ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ይኸው።»

ደሟ ፈላ። አሥራ አንድ ወር! አግዳሚ ያዞረችበት፣ አጃ የቆለፈችበት፣ ጥርሷን አሟት ሌሊቱን እያቃሰተች ያደረችበት ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ያልተናገረችው አልቀረም። ራስ ወዳድ አለችው፤ እናቴ ብትኖር አለችው፤ አባት ልጁን እንዲህ አያስርም አለችው። እሱ አንዱንም አላስተባበለም። «ጨረስሽ?» እንኳን አላላትም። ስትጨርስ አባቷ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ደውዪ» አላት። «እኔም ለእህቴ እደውላለሁ። ዛሬውኑ።»

ሰው ፊት መደወል አልሆነላትም። የችኩል ጋጣ ውስጥ ገባች። ገለባው ገና ሞቅ ያለ ነው፤ የውኃው ባልዲ እስከ ግማሽ ድረስ ጎድሏል። ሐኪሟ በሁለተኛው ጥሪ አነሣች።

«እሺ የኔ እህት፣ ወሰንሽ? ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ብትደርሺ ይበቃል። ማደሪያም አግኝተንልሻል፤ መስኮቱ መንገዱን ያያል።»

መስኮቱ መንገዱን ያያል። ሙጫ መንገዱን ልታየው ሞከረች። ሰው ይተላለፋል፤ አንድም የምታውቀው የለም። ሃያ ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ነጭ ጋውን ለብሰው «አዲሷ ማን ናት?» ይባባላሉ። ጠዋት ስትነሣ የምታነሣው ሰው የለም። ማታ ስትገባ የሚያስል የለም። ይኼን ሁሉ ጊዜ ፈረሱ ሲሄድ ስትል፣ ፈረሱ ሄዶ ምን እንደምታደርግ አንድ ቀን አስባው አታውቅም ኖሯል። ፈራች። በቃ፣ ፈራች።

«አለሽ?»

«ዶክተር» አለች ሙጫ፣ «ፈረሱ ዛሬም አልሄደም።»

«እሺ» አለች ሐኪሟ፣ «እግዜር ይርዳሽ» ብላ ዘጋችው።

ሙጫ ከጋጣው ወጣች። አባቷ እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ጀርባውን የበረቱ ጣውላ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። የእህቱን ቁጥር በግራ እጁ አውጥቶ ስልኩን ደቅኗል፣ ግን አልደወለም።

«ቦታው ተይዟል አሉኝ» አለችው።

አባትየው ቀና ብሎ አያት። በዚያ ዓመት ፊቷን ትክ ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነው።

«ገና ሃያ ደቂቃ አለሽ። መልሰሽ ደውዪ።»

«ተይዟል እያልኩህ!»

«ጣውላ ነው እኮ ልጄ፣ ይሰማል» አለ፣ በጀርባው ግድግዳውን ገፋ አድርጎ። «ስጪኝ፣ እኔ ላናግራት። ተሳስታ ነው እላታለሁ።»

ግራ እጁን ዘረጋላት። ሙጫ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ምሳህን ላሙቅ» አለች።

«ሙጫ።»

ዞር አላለችም።

«ይኼኛውን እንኳ በእኔ አታላክኪ።»

ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ጣደች። ስድስት ሰዓት የሞላው እያማሰለች ሳለ ነው።